ሁለተኛው ሰው በሌለበት፦ ለብቻ የሚደረግ የመዝናኛ መርከብ ጉዞ ዋጋ፣ ጓደኝነትና ደኅንነት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የመዝናኛ መርከብ ጉዞ ዋጋ የሚነገረው በሰው ነው፤ የሚሸጠው ግን በካቢን ነው። እያንዳንዱ ካቢን ሁለት ሰዎችን እንዲይዝ ታስቦ ስለሚሠራ ለብቻው የሚሳፈር ተጓዥ የሌላውን አልጋ ዋጋ እንዲሸፍን ይጠየቃል። ይህ ጽሑፍ የነጠላ ጭማሪ የሚባለው ክፍያ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚሰላና በቅርብ ዓመታት የተሠሩ የነጠላ ካቢኖች ምን እንደለወጡ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ በመርከብ ላይ ሁለተኛው ሰው ሦስት ሥራዎችን እንደሚሠራ የሚያሳይ ነው፤ ይኸውም ወጪ ይጋራል፣ ገበታ ይጋራል፣ የባልደረባውን መጥፋትም ቀድሞ ያውቃል። ኩባንያዎች ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍተቶች በከፊል ምላሽ ሲሰጡ ሦስተኛው እስካሁን በሚገባ አልተሸፈነም። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

በከተሞቻችን ታክሲ የሚጠቀም ሰው ሁለት ዓይነት የክፍያ ሥርዓት ያውቃል። በመስመር የሚሠራ ታክሲ ሲሳፈር የሚከፍለው ለያዘው መቀመጫ ብቻ ነው፤ ኮንትራት ሲይዝ ግን ሌሎቹ መቀመጫዎች ባዶ ቢሆኑም የመኪናውን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። ሁለቱ ሥርዓቶች በግልጽ የተለያዩ ስለሆኑ ተሳፋሪው አይደናገርም። የመዝናኛ መርከብ ገበያ ልዩ ባሕርይ እነዚህን ሁለት ሥርዓቶች ማደባለቁ ነው። ማስታወቂያው ዋጋውን በሰው ይናገራል፤ ለብቻው የመጣው ተጓዥ ግን በተግባር ካቢኑን ኮንትራት ይይዛል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። የዓለም አቀፉ የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ማኅበር እንዳስታወቀው በ2019 29.7 ሚሊዮን ሰዎች በእነዚህ መርከቦች ተጉዘዋል። ወረርሽኙ ዘርፉን ለረጅም ጊዜ ካቆመው በኋላም በ2023 ቁጥሩ 31.7 ሚሊዮን ደርሷል። ከእነዚህ መካከል የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ፣ ያላገቡ፣ የተፋቱ፣ ወይም የቅርብ ሰዎቻቸው የእረፍት ጊዜ ከእነርሱ ጋር ያልገጠመላቸው ይገኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች የመዝናኛ መርከብ በተለይ ይስማማል። አንድ ጊዜ ሻንጣቸውን ካስቀመጡ በኋላ ከወደብ ወደ ወደብ ሲሄዱ ማደሪያ መፈለግ አይጠበቅባቸውም፤ ምግቡም መዝናኛውም በአንድ ሥፍራ ይገኛል። ይሁን እንጂ ጉዞው ለብቸኛ ተጓዥ የሚመች የመሆኑን ያህል ዋጋውና አደረጃጀቱ ሁለት ሆኖ ለሚመጣ ሰው የተሰፋ ነው። ይህ ተቃርኖ የጽሑፉ መነሻ ነው።

ጽሑፉ የተመሠረተው ለሕዝብ ይፋ በሆኑ የኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርቶች፣ በመርከቦች አሠራር መረጃና በሕግ ሰነዶች ላይ ነው። የዋጋውን አሠራር ለማብራራትም አንድ የስሌት ምሳሌ ቀርቧል።

2. ከመሻገሪያ መርከብ ወደ መዝናኛ መርከብ

ብቸኛ ተጓዥ በባሕር ላይ እንግዳ ፍጡር ያልነበረበት ዘመን ነበር። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አትላንቲክን የሚሻገሩ ታላላቅ መርከቦች ዋና ሥራቸው ሰውን ከአንድ አህጉር ወደ ሌላው ማድረስ ነበር። ነጋዴው፣ ዲፕሎማቱ፣ ተማሪውና ስደተኛው ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው ይሳፈሩ ስለነበር የመርከቦቹ አሠራር ይህን ከግምት ያስገባ ነበር። በላይኛው ማዕረግ ባለ አንድ አልጋ ካቢኖች ነበሩ፤ በታችኛው ማዕረግ ደግሞ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ክፍል ተደራራቢ አልጋ ይጋሩ ነበር። በሁለቱም ሁኔታ ተጓዡ የሚከፍለው ለራሱ አልጋ ነበር። በ1969 አገልግሎት የጀመረችው ኩዊን ኤልዛቤት 2 እንኳ የዚያ ልማድ ወራሽ ስለነበረች የነጠላ ካቢኖች ነበሯት።

ይህን ሥርዓት የለወጠው አውሮፕላን ነው። ከ1958 ጀምሮ የመንገደኛ ጄቶች አትላንቲክን በመደበኛነት መሻገር ሲጀምሩ የመሻገሪያ መርከቦች ገበያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዳከመ። በምትኩ የተነሣው ዘርፍ መርከቡን ራሱን የጉዞው መዳረሻ ያደረገ ነበር። የዛሬው ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን በ1966፣ ሮያል ካሪቢያን በ1968፣ ካርኒቫል በ1972 ተመሠረቱ። አዲሱ ደንበኛ ለእረፍት የሚወጣ ባልና ሚስት ወይም ቤተሰብ ነበር። ካቢኖቹም ቀስ በቀስ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው፣ በፋብሪካ ተሠርተው ወደ መርከቡ አካል የሚገቡ ክፍሎች ሆኑ። እንዲህ ዓይነቱ አሠራር የግንባታ ወጪን ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ባለ ሁለት አልጋውን ካቢን የመርከቡ መለኪያ አደረገው።

የዚህ መለኪያ ማስረጃ በኩባንያዎቹ የሒሳብ ሪፖርት ውስጥ ይገኛል። ታላላቆቹ ኩባንያዎች አቅማቸውን የሚለኩት እያንዳንዱ ካቢን ሁለት ሰው ይይዛል በሚል ስሌት ነው። የአልጋ አያያዝ መጠን 100 በመቶ ማለት በአማካይ በእያንዳንዱ ካቢን ሁለት ሰው አለ ማለት ነው፤ ከ100 በላይ ሲሆን በአንዳንድ ካቢኖች ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች እንዳሉ ያመለክታል። በ2019 ካርኒቫልም ሆነ ሮያል ካሪቢያን ያስመዘገቡት መጠን ከ105 በመቶ በላይ ነበር። እንግዲህ ለብቻው የሚሳፈር ሰው በዚህ መለኪያ ሲታይ ካቢኑን ወደ 50 በመቶ ያወርዳል። ለራሱ አንድ ሙሉ እንግዳ ቢሆንም በኩባንያው መዝገብ ውስጥ ግማሽ ካቢን ሆኖ ይታያል።

3. የነጠላ ጭማሪ እንዴት ይሰላል?

የነጠላ ጭማሪ ማለት ለብቻው ካቢን የሚይዝ ሰው በአንድ ሰው ዋጋ ላይ ተጨማሪ የሚከፍለው መቶኛ ነው። ጭማሪው 100 በመቶ ከሆነ ተጓዡ የሁለት ሰው የጉዞ ዋጋ ይከፍላል። በተለምዶ ይህ «እጥፍ መክፈል» ይባላል፤ ነገር ግን አባባሉ በትክክል አይገልጸውም። ምክንያቱም የጉዞው ጠቅላላ ወጪ ከካቢኑ ዋጋ ሌላ በሰው ቁጥር ብቻ የሚታሰቡ ክፍያዎችንም ይይዛል።

የሚከተለው ምሳሌ ለማስረዳት ብቻ የተወሰደ ነው። የሰባት ሌሊት ጉዞ ዋጋ በሰው 700 ዶላር፣ የወደብ ክፍያና ግብር በሰው 120 ዶላር፣ የሠራተኞች ጉርሻ በቀን 16 ዶላር፣ በጠቅላላው 112 ዶላር ነው እንበል። ሁለት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው 932 ዶላር ይከፍላሉ። ለብቻው የሚጓዝ ሰው የ100 በመቶ ጭማሪ ሲጣልበት የጉዞ ዋጋው 1,400 ይሆናል፤ የወደብ ክፍያና ጉርሻው ግን የአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ጠቅላላው 1,632 ዶላር ነው። ይህም ከጥንዶቹ የአንዱ ሰው ወጪ በ75 በመቶ ይበልጣል እንጂ እጥፍ አይሆንም። ጭማሪው 50 በመቶ ቢሆን ደግሞ ጠቅላላው 1,282 ዶላር፣ ልዩነቱም 38 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ከዚህ ስሌት አንድ ጠቃሚ ነጥብ ይወጣል። የጭማሪው መቶኛ ብቻውን ርካሽነትን አያሳይም። አንድ ሌላ ኩባንያ «ያለ ነጠላ ጭማሪ» ብሎ ያስተዋወቀው ተመሳሳይ ጉዞ መነሻ ዋጋው 1,150 ዶላር ቢሆን ጠቅላላ ወጪው 1,382 ዶላር ይሆናል። ጭማሪ የለውም የተባለው ጉዞ 50 በመቶ ጭማሪ ካለው ጉዞ በ100 ዶላር ተወደደ ማለት ነው። ስለሆነም ትክክለኛው መለኪያ ሁሉም ክፍያዎች ተደምረው ለአንድ ሌሊት የሚወጣው ገንዘብ ነው።

ጉዳዩን ከኩባንያው ወገን ማየትም ያስፈልጋል። የኩባንያዎቹ ገቢ ከትኬት ብቻ አይገኝም። መጠጥ፣ የወደብ ሽርሽር፣ ቁማር፣ ኢንተርኔት፣ የውበትና የመታሻ አገልግሎት በተጨማሪ ይሸጣሉ። በ2019 በካርኒቫልና በሮያል ካሪቢያን ጠቅላላ ገቢ ውስጥ ከትኬት ውጭ የተገኘው ድርሻ ወደ 30 በመቶ ይጠጋ ነበር። በምሳሌያችን እያንዳንዱ እንግዳ በመርከቡ ላይ 300 ዶላር ያወጣል ብንል፣ ከጥንዶቹ ካቢን የሚገኘው የትኬትና የሽያጭ ገቢ 2,000 ዶላር ነው። ሙሉ ጭማሪ ከከፈለው ብቸኛ ተጓዥ የሚገኘው ግን 1,700 ዶላር ነው። ለሁለተኛው ሰው ምግብና አገልግሎት ይወጣ የነበረው 100 ዶላር ቢቀነስ እንኳ ኩባንያው የ200 ዶላር ጉድለት ይቀርበታል። ስለዚህ ሙሉው ጭማሪ ብቸኛውን ተጓዥ ለመቅጣት የተጣለ ነው ማለት አያስኬድም። ሆኖም ተጓዡ የማይበላውን ምግብና የማይተኛበትን አልጋ በከፊል መክፈሉ አይካድም። ሁለቱም ወገኖች የሚጎዱት መርከቡ ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ባለመሠራቱ ነው።

ጭማሪው እንደ ወቅቱ የሚለዋወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። በትምህርት ቤት እረፍትና በገና ሰሞን ያንኑ ካቢን ከሁለት ልጆች ጋር የመጡ ወላጆች ስለሚፈልጉት ብቸኛው ተጓዥ የሚወዳደረው ከአራት ከፋዮች ጋር ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ለምሳሌ ከአውሮፓውያን ገና በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ወይም መርከቦች በጸደይና በመጸው ከካሪቢያን ወደ ሜዲትራኒያን ወይም በተቃራኒው ሲዛወሩ ጭማሪው ዝቅ ይላል። መርከቡ ከወደብ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ያልተሸጠ ካቢን ዋጋው ዜሮ ነው። ነገ ሊሸጥ የማይችል ዕቃ የያዘ ነጋዴ በቅናሽ እንደሚለቅቅ ሁሉ ኩባንያውም ከባዶ ካቢን አንድ ሰው ያለበትን ይመርጣል።

4. የነጠላ ካቢን መምጣት

ለዚህ ችግር ከቀረቡት መፍትሔዎች ጎልቶ የሚታየው በ2010 አገልግሎት የጀመረው ኖርዌጂያን ኤፒክ ያመጣው ነው። በፈረንሳይ ሳን ናዜር የተገነባው ይህ መርከብ ከ4,000 በላይ እንግዶችን የሚይዝ ሲሆን 128 ካቢኖቹ ከመጀመሪያው ለአንድ ሰው ታስበው ተሠርተዋል። እያንዳንዳቸው ወደ 9.3 ካሬ ሜትር ስፋት አላቸው። ወደ ባሕር የሚያይ መስኮት የላቸውም፤ በምትኩ መስኮታቸው ወደ መተላለፊያው ያያል። የእነዚህ ካቢኖች እንግዶች በቁልፍ ካርዳቸው ብቻ የሚከፈት የጋራ ሳሎን ተሰጥቷቸዋል።

የስሌቱ ቁም ነገር በስፋቱ ላይ ነው። በሌሎች መርከቦች ያሉ መስኮት አልባ የሁለት ሰው ካቢኖች በአብዛኛው ከ12 እስከ 17 ካሬ ሜትር ይሰፋሉ። ባለ 14 ካሬ ሜትሩ ካቢን በምሳሌያችን ለሁለት ሰው 1,400 ዶላር ሲሸጥ ከአንድ ካሬ ሜትር 100 ዶላር ይገኛል። ባለ 9.3 ካሬ ሜትሩ የነጠላ ካቢን በ1,000 ዶላር ቢሸጥ ግን ከአንድ ካሬ ሜትር ወደ 107 ዶላር ይገኛል። ተጓዡም ከ1,632 ዶላር ይልቅ 1,232 ዶላር ይከፍላል። ሁለቱም ወገኖች ተጠቀሙ ማለት ነው። ይህ የሆነው ኩባንያው ለጋስ ስለሆነ ሳይሆን ክፍሉ ከሰውየው ቁጥር ጋር ስለተመጣጠነ ነው።

ሌሎችም ይህን መንገድ ተከትለዋል። ሮያል ካሪቢያን በ2014 ባሠማራው ኳንተም ኦቭ ዘ ሲዝ ላይ የነጠላ ካቢኖችን አካትቷል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በረንዳ አላቸው። ኪውናርድ በ2004 ሥራ በጀመረችው ኩዊን ሜሪ 2 ላይ በ2016 እድሳት 15 የነጠላ ካቢኖች ጨምሯል። ካቢኖቹ የተሠሩት ቀድሞ ለሌላ አገልግሎት ይውል በነበረ ሥፍራ ስለሆነ፣ በንድፍ ወቅት የተዘለለ ነገር በኋላ ለማስገባት ምን ያህል ግንባታ እንደሚጠይቅ ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑ እንግዶች የሚሠራው የብሪታንያው ሳጋ ደግሞ በ2019 አገልግሎት በጀመረው ስፒሪት ኦቭ ዲስከቨሪ ላይ ከካቢኖቹ አንድ አምስተኛ ያህሉን ለነጠላ ተጓዦች መድቧል። ይህ ድርሻ ከሌሎቹ ታላላቅ መርከቦች እጅግ የላቀ ነው። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ በዚያ ዕድሜ ከሚገኙ ደንበኞች መካከል የትዳር ጓደኛቸውን ያጡት ብዙ ናቸው።

በአንጻሩ የነጠላ ካቢን ሁለት ውሱንነቶች አሉት። አንደኛው ቁጥሩ አነስተኛ መሆኑ ነው። 128 ካቢን ከ2,000 በላይ ካቢኖች ባሉት መርከብ ውስጥ ጥቂት ነው። ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ይወጣና አንዳንድ ጊዜ መደበኛውን ካቢን ከነጭማሪው መያዝ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ካቢኑን ነጠላ የሚያደርገው የግድ ግድግዳው አለመሆኑ ነው። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ከ2024 ጀምሮ በመርከቦቹ ሁሉ ወደ 1,000 የሚጠጉ የነጠላ ተጓዥ ካቢኖች እንደሚያቀርብ ሲያስታውቅ፣ ከአዳዲስ ክፍሎች ግንባታ ይልቅ የነበሩ ካቢኖችን ለነጠላ ተጓዥ በተለየ ዋጋ መመደብን ተጠቅሟል። ከዚህ የምንረዳው የንድፍ ለውጥ ዘላቂው መፍትሔ ቢሆንም የአመዳደብ ውሳኔም የራሱ ድርሻ እንዳለው ነው።

5. ገበታና ጓደኝነት

ሁለተኛው ሰው ከወጪ ሌላ የሚጋራው ገበታ ነው። ከማኅበር ውጭ መብላት በማይዘወተርበት ባህል ውስጥ ላደገ አንባቢ ይህ ቀላል ጉዳይ አይመስለውም፤ ለሌላውም ቢሆን ቀላል አይደለም። በቀደመው የመዝናኛ መርከብ ልማድ እያንዳንዱ እንግዳ በተወሰነ ሰዓት፣ በተመደበለት ጠረጴዛ፣ ከነዚያው ሰዎች ጋር ጉዞው እስኪያልቅ ራት ይበላ ነበር። የምግብ ቤቱ ኃላፊ ለብቻቸው የመጡትን በስድስት ወይም በስምንት ሰው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣቸዋል። በመጀመሪያው ምሽት የማይተዋወቁት ሰዎች በሦስተኛው ምሽት ይጠያየቃሉ፤ አንዱ ሲቀር ሌሎቹ የት እንደሄደ ያነሣሉ።

ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን በ2000 የተመደበ ሰዓትና ጠረጴዛን አስቀርቶ እንግዳው በፈለገው ጊዜ፣ ከፈለገው ሰው ጋር፣ በፈለገው ምግብ ቤት እንዲመገብ ፈቀደ። ሌሎች ኩባንያዎችም በየፊናቸው ተመሳሳይ አማራጮችን አቀረቡ። ለጥንዶችና ለቤተሰቦች ይህ ነፃነት ነበር። ለብቸኛው ተጓዥ ግን ነፃነቱ ዋጋ ነበረው። ከማንም ጋር ለመብላት የተፈቀደለት ሰው ከማንም ጋር ላይበላ ይችላል። በዚህ ረገድ የኤፒክ የጋራ ሳሎን ልብ ሊባል ይገባዋል። ጠረጴዛውን ያስቀረው ኩባንያ ከአሥር ዓመት በኋላ ብቸኞቹ የሚገናኙበትን ክፍል ሠራ። ሳሎኑ አዲስ ፈጠራ ቢመስልም በአሮጌው የጋራ ጠረጴዛ ቦታ የተተካ ነው።

ሌሎች ልማዶችም አሉ። ብዙ መርከቦች በዕለታዊ ፕሮግራማቸው ላይ የነጠላ ተጓዦች መገናኛ ሰዓት ያወጣሉ። ኪውናርድ ለብቻቸው ከመጡ ሴቶች ጋር የሚደንሱ አስተናጋጆችን በመርከቦቹ ያሠማራል። የተመደበ የራት ጠረጴዛ አሁንም እንደ አማራጭ በሚገኝባቸው መርከቦች ብቸኛ ተጓዥ በቦታ መያዣ ጊዜ ታላቅ ጠረጴዛ ሊጠይቅ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ጓደኝነትን ለሚፈልገው መንገድ ይከፍታሉ፤ ብቸኝነትን መርጦ የመጣውም የመከልከል ግዴታ የለበትም። ሆኖም ጠረጴዛው ከወዳጅነት ሌላ አንድ ያልታሰበ አገልግሎት ይሰጥ እንደነበር ማስተዋል ያሻል፤ የሰውን አለመኖር ያስታውቅ ነበር።

6. መጥፋቱን የሚያውቅ ሰው

ባልና ሚስት ሲጓዙ አንዱ ሌሊት ወደ ካቢን ባይመለስ ሌላው ይነቃል፤ ይጠይቃል፤ ሠራተኛ ይጠራል። ለብቻው የሚጓዝ ሰው ይህ የለውም። መርከቡ ሰዎችን የሚቆጥረው በተለይ ወደብ ላይ ነው። እንግዳው ሲወርድና ሲሳፈር ካርዱ ስለሚመዘገብ ያልተመለሰ ሰው ወዲያውኑ ይታወቃል። በጉዞ ላይ ግን እያንዳንዱ እንግዳ በየዕለቱ መኖሩን የሚያረጋግጥ መደበኛ ቆጠራ የለም። ስለዚህ በባሕር ላይ የብቸኛው ተጓዥ ዋናው ምስክር ካቢኑን የሚያጸዳው ሠራተኛ ይሆናል።

ይህ ምስክርነት ሊባክን እንደሚችል በ2004 በአላስካ መስመር የደረሰ አንድ ክስተት አሳይቷል። ለብቻዋ ተሳፍራ የነበረች አንዲት ሴት በጉዞው መጀመሪያ ላይ ጠፋች። የካቢኑ ሠራተኛ አልጋው እንዳልተተኛበት አስተውሎ ለአለቃው አሳወቀ፤ ሪፖርቱ ግን ወደ ፍለጋ አላመራም። ጉዞው ሲያልቅ ንብረቷ ተሰበሰበ፤ ቤተሰቧም በመርከቡ ላይ እንደነበረች የደረሱበት በራሳቸው ፍለጋ ነው። ጉዳዩ በኋላ በአሜሪካ ምክር ቤት በተደረጉ የምስክርነት ስብሰባዎች ተነሥቷል። በመርከብ ላይ ዘመዶቻቸውን ያጡ ወይም ጥቃት የደረሰባቸው ቤተሰቦችም በ2006 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው የሕግ ለውጥ ጠይቀዋል።

ውጤቱ በ2010 የወጣው የአሜሪካ የመዝናኛ መርከቦች ደኅንነትና ጥበቃ ሕግ ነው። ሕጉ የሚመለከተው 250 እና ከዚያ በላይ መንገደኞችን ለመያዝ የተፈቀደላቸውን፣ በአሜሪካ ወደቦች መንገደኛ የሚያሳፍሩ ወይም የሚያወርዱ መርከቦችን ነው። የመርከቡ ዳር መከላከያ ቢያንስ 107 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍታ እንዲኖረው፣ የካቢን በሮች ወደ ውጭ ማያ ቀዳዳ እንዲኖራቸው፣ ለወሲባዊ ጥቃት ተጎጂዎች የሕክምናና የማስረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ እንዲዘጋጅ፣ የሰው መጥፋትን ጨምሮ ከባድ ክስተቶች ለፌዴራል ምርመራ ቢሮ እንዲነገሩ ያዛል። ወደ ባሕር የወደቀ ሰውን የሚቀርጽ ወይም የሚያሳውቅ ቴክኖሎጂም እስከተገኘ ድረስ በሥራ ላይ እንዲውል ይጠይቃል።

ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ለብቸኛው ተጓዥ የተለየ ትርጉም አለው። ጥንዶች የሰው ምስክር አላቸው፤ እርሱ ግን በመሣሪያው ላይ ይመካል። ይሁን እንጂ ወደ ባሕር መውደቅ ብቻ አይደለም ሥጋቱ። በካቢኑ ውስጥ ወድቆ መነሣት ያቃተው፣ ወይም ድንገት የታመመና ስልክ መድረስ ያልቻለ ሰውን የመርከቡ ካሜራ አያየውም። የነጠላ ካቢን ሲስፋፋ የእነዚህ ሰዎች ቁጥርም አብሮ እንደሚያድግ ግልጽ ነው። በተለይ በዕድሜ የገፉ ተጓዦችን የሚያስተናግዱ ኩባንያዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል። የሚያስፈልገው ውድ ነገር አይደለም። የካቢን ሠራተኛው «አልጋው አልተተኛበትም» ሲል ሪፖርቱ የተወሰነ ሰዓት ውስጥ ምላሽ የሚያገኝበት ሥርዓት፣ ፈቃደኛ ለሆነ ብቸኛ ተጓዥም በቀን አንድ ጊዜ በስልክ መኖሩን የሚጠይቅ አገልግሎት በቂ ጅምር ናቸው።

7. ለአገራችን የቱሪዝም ሥራ የሚኖረው ትርጉም

ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት አገር ስለሆነች የመዝናኛ መርከብ ገበያ በቀጥታ አይመለከታት ይሆናል። የዋጋው ጥያቄ ግን በአገር ውስጥም አለ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጣና ገዳማትን የሚጎበኝ ሰው ጀልባ የሚከራየው በአብዛኛው በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። ለብቻው የመጣ ጎብኚ ወይ ሙሉውን ይከፍላል፤ ወይ ሌሎች እስኪገኙ ይጠብቃል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ከተጓዡ ጋር የሚወጣው ጠባቂ የቀን ክፍያው ለአንድ ሰውም ለጥቂት ሰዎች ቡድንም ያው ስለሆነ በብቸኛው ላይ ይከብዳል።

በእነዚህ ሥፍራዎች የመርከቦቹ ልምድ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛ፣ ከተቻለ መለኪያውን መለወጥ ይሻላል፤ ለምሳሌ በተወሰነ ሰዓት የሚነሣ፣ በሰው የሚከፈልበት ጀልባ ለብቸኛው ጎብኚ የነጠላ ካቢንን ያህል ያገለግላል። ሁለተኛ፣ ለብቻው የሄደን ሰው መመለስ የሚከታተል አካል አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በተራራ ላይ ጠባቂው ይህን ሥራ ስለሚሠራ ክፍያው ቢከብድም ጥቅሙ ከመንገድ ማሳየት ያልፋል።

8. ማጠቃለያ

የነጠላ ጭማሪ የአንድ ኩባንያ ስስት ውጤት ሳይሆን ባለ ሁለት አልጋ ካቢንን መለኪያው ያደረገ የኢንዱስትሪ አሠራር ውጤት ነው። አሠራሩ ሁለተኛውን ሰው በሦስት ቦታ ይጠብቀዋል፤ በክፍያ፣ በገበታና በጥበቃ። የክፍያው ክፍተት በነጠላ ካቢኖች መሥራትና በአመዳደብ መቀነስ እንደሚቻል ታይቷል። የገበታው ክፍተት በጋራ ሳሎንና በመገናኛ ሰዓቶች ተሸፍኗል፤ ምንም እንኳ ይህ በከፊል ቀድሞ የነበረን ነገር የመመለስ ያህል ቢሆንም። የጥበቃው ክፍተት ግን በሕግና በመሣሪያ በከፊል ብቻ ተዘግቷል።

ለተጓዡ የሚሰጠው ምክር ከዚሁ ይመነጫል። ትኬት ከመቁረጥ በፊት የጭማሪውን መቶኛ ትቶ ጠቅላላ ወጪውን በሌሊት ቁጥር ማካፈል፣ የነጠላ ካቢኑን ዋጋ ከመደበኛው ካቢን ከነጭማሪው ጋር ማነጻጸር፣ የተመደበ የራት ጠረጴዛ መኖሩን መጠየቅ፣ በመጀመሪያው ቀን ከካቢን ሠራተኛው ጋር በስም መተዋወቅ፣ የጉዞውን መስመርና የካቢኑን ቁጥር አገር ቤት ለቀረ ሰው መስጠት ተገቢ ነው። ለኩባንያዎች የሚቀረው ጥያቄ ደግሞ ለአንድ ሰው ካቢን ከሠሩ በኋላ የዚያን ሰው ደኅንነት በየዕለቱ የማወቅ ኃላፊነት የማን እንደሆነ መወሰን ነው። ካቢኑን ለአንድ ሰው ብለው የሸጡት እነርሱ በመሆናቸው መልሱም ከእነርሱ ይጠበቃል።